ጎታ የሌለበት ቤት ድመት ምን ትሠራለች?

አምባ ጊዮርጊስ ሳድግ «ድመት እንያዝ ወይስ ይቅርብን?» ብሎ የተማከረ ቤተሰብ አላየሁም። ገብስ የገባበት ቤት ድመት ነበረው። ገብሱ ያለቀበት ቤት ደግሞ ድመቷ ራሷ ሹልክ ብላ ወደ ጎረቤት ትሻገራለች፤ ማንም አይቀየማትም። ድመት የእህል ጉዳይ ነበረች። የወገራንና የሰሜንን ድመት ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው መጀመር ያለበት ከገብሱ ነው።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ድመት ካላመጣችሁልኝ ብላ ካስጨነቀችን ሰነባብታለች። አባቷ «የእህል መጋዘን ሰው አንቺ ነሽ፤ የድመት ነገር አንቺን ነው የሚመለከተው» ብሎ ጣጣውን ወደ እኔ ገፋው። ዕድሜዬን የገፋሁት በእህል መጋዘን ንብረት ክፍል ስለሆነ ተቃውሞ ማቅረብ አልቻልኩም። እሺ ወይም እምቢ ከማለቴ በፊት ግን ያገሬ ሰው ከድመት ጋር የነበረውን ውል ከሥር መሠረቱ ማየት ፈለግሁ። ውሉ ምን ነበር? ማን ለማን ምን ይሰጥ ነበር? ፎቅ ላይ ሲወጣስ ምኑ ይቀራል?

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዳባት ሳይደረስ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የወገራ ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ውርጩ ያንዘፈዝፋል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚወጣበት ሜዳ ዙሪያዋን ከቧታል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ፣ አርባ አራቱ ታቦት፣ ወታደሩና ነጋዴው መብላት ነበረበት፤ ከሚቀልቡት አገሮች አንዱ ወገራ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በየካቲት 1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) በዚህ ሜዳ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ያየው የእህል አገር ነበር፤ ወገራን የጎንደር የእህል ጎተራ አድርጎ ጽፎታል።

እህል ባለበት ሁሉ አይጥ አለ። ይህ የወገራ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሰፊ የዘር ጥናት እንዳሳየው በዓለም ያሉ የቤት ድመቶች በሙሉ የሚመዘዙት ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። እዚያ ሰው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ማረስና እህል ማከማቸት ጀመረ፤ እህሉን አይጥ ተከተለው፤ አይጡን ድመት ተከተለችው። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል ያስቆጠረ መቃብር ተቆፍሮ ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው ተገኝተዋል። ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት አልነበራትም፤ ስለዚህ ድመቷን በጀልባ ያሻገራት ሰው ነው።

ወደ እኛ ቀረብ የሚለው ማስረጃ ቀይ ባሕር ላይ ነው። በግብጽ የባሕር ዳርቻ፣ በጥንታዊው የበረኒቄ ወደብ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ የእንስሳት መቃብር ተገኝቷል። አጥኚዎቹ ከቆጠሯቸው 585 እንስሳት 536ቱ ድመቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በአንገታቸው ብረትና ዶቃ አስረዋል። ከዚያ ወደብ የሚነሡ መርከቦች አዱሊስ ይደርሱ ነበር፤ የአዱሊስ ዕቃ ደግሞ ወደ አክሱም ይወጣ ነበር። በኋለኛው ዘመን የምጽዋ ሸቀጥ በዐድዋ አድርጎ፣ ሊማሊሞን ተንጠላጥሎ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል ወገራን አቋርጦ ጎንደር ይገባል። በቅሎና አህያ በሚሄድበት ሁሉ እህል አለ፤ እህል ባደረበት ጎተራ ሁሉ አይጥ ያድራል፤ እንግዲህ ድመት መንገድ ጠያቂ አልሆነችም።

ጎታን ያላየ የከተማ ልጅ የድመትን ሥራ አያውቅም። ጎታ ቤት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ጓዳ ላይ፣ የሚቆም የጭቃ እህል ማስቀመጫ ነው። አያቴ ጎታ ስትሠራ አቀባይዋ እኔ ነበርኩ። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር ታቦካለች፤ ጭዱ እንዳይሰነጠቅ ነው፣ እበቱ ደግሞ እንዲያያዝ። ታችኛውን ክብ ከወለሉ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ታቆማለች፤ ያ ሲጠነክር ቀጣዩን ትደራርባለች፤ እንዲህ እያለ ከእኔ ቁመት ያልፋል። ከላይ ክዳን አለው፤ እሱም በጭቃ ይመረጋል። ከሥር በኩል እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ የዕለቱ ገብስ በዚያ ይወርዳል። ቀዳዳው የሚዘጋው በውታፍ ነው፤ የተጠቀለለ አሮጌ ጨርቅ። ጎታው ሁሉ ግንብ ቢሆን ያ ውታፍ በሩ ነው። አይጥ ግድግዳውን አትቦረቡርም፤ ውታፉን ትቀረጥፋለች።

ድመቷ የምትቀመጠውም እዚያው ነበር። ማታ ምድጃው ዳር ተኝታ የሞተች የምትመስለው ድመት፣ ሰዉ ሲያሸልብ ተነሥታ ከጎታው ሥር ትኮፈሳለች። አካሏ አይንቀሳቀስም፤ ጆሮዋ ብቻ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይዞራል። አይጥ ከአይጥ ጋር የሚነጋገርበት ድምፅ ከሰው ጆሮ በላይ የቀጠነ ነው። እኛ እስከ 20,000 ኸርዝ ብንሰማ ነው፤ ድመት ከ60,000 በላይ ትሰማለች። ጨለማው ለእኛ ጸጥ ያለ ነው፤ ለእሷ ግን ገበያ ነው። ጠዋት ስንነሣ ከጎታው ሥር ጅራት ብቻ ይገኛል፤ አያቴ በእግሯ ወደ አመዱ ገፋ ታደርግና «ተባረኪ» ትላለች። ደመወዙ ይኸው ነበር፤ ምርቃት፣ የምድጃ ሙቀትና ሲታለብ በገል የሚፈስላት ጥቂት ወተት። «ጠግባ ካደረች አይጥ አትይዝም» ስለሚባል ከዚያ በላይ አይታሰብም። ስሟም አንድ ነበር፦ ውሮ። አሮጊቷም ውሮ፣ ግልገሏም ውሮ።

አጥፍታለች የሚባልበት ጊዜም ነበር። ጥሬ ሥጋ ከተሰቀለበት ትዘላለች፤ ጫጩት ትነጥቃለች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ግን ከሰረቀችው ሥጋ ይልቅ ያዳነችው ዘር ይበልጥ ነበር። ለገበሬ ትልቁ ፍርሃት የሚበላው እህል መነካቱ አይደለም፤ ዘሩ ነው። በጥር ተወቅቶ የገባ ገብስ እስከ ክረምት መድረስ አለበት፤ ከእሱም ለዘር የተለየው ሳይነካ መቆየት አለበት። ዘር የበላች አይጥ የዘንድሮን ብቻ ሳይሆን የከርሞን ገብስ ነው የበላችው።

ከጎታው ቀጥሎ የድመት ሥራ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ብራና የእንስሳ ቆዳ ነው፤ አይጥ ቆዳ ይበላል። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ተከቶ፣ በማንገቻው ከግድግዳ ችካል ላይ የሚሰቀለው ለጌጥ አይደለም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ መገበሪያው ስንዴም አለ፤ ስንዴና ብራና ባንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ድመት ሳትጠራ ትመጣለች። ወደ ሰሜን ተራራ ከፍ ሲባል ደግሞ የሥራ ክፍፍሉ ይሰፋል፤ ሜዳ ላይ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ነው፣ ቤት ውስጥ ድመት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆን ከፊሎቹ እዚያው በሰሜን ተራሮች ይኖራሉ፤ ዋነኛ ምግባቸውም አይጥ ነው።

ድመት ግን ተአምር አትሠራም፤ ታሪኩ ይህንንም ይመሰክራል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ዝናቡም ጠፋ። ጎንደር በዚያው በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች ተቃጥላ ነበር። የዘመኑን መከራ የመዘገቡ ሰዎች ከአንበጣና ከተምች ጋር አይጥንም ይቆጥራሉ፤ በሜዳው ላይ የቀረውን ጥቂት አዝመራ የጨረሰው እሱ ነው። አይጥ በቤት ውስጥ ሌባ ነው፣ በሜዳ ሲፈላ ግን ጦር ነው፤ ጦርን ደግሞ የአንድ ቤት ድመት አትመልስም። ጎታውም ባዶ ስለነበር የምትጠብቀው ነገር አልነበራትም።

እዚህ ላይ ልጄ በስልኳ ያሳየችኝን ነገር ላንሣ። «እማዬ፣ የሐበሻ ድመት የሚባል ዝርያ አለ፤ እሱን እንግዛ» አለችኝ። ሥዕሏን አየሁ፤ ቀይ ዳማ፣ ቀጭን፣ ጆሮዋ ትልልቅ የሆነ ድመት። እኔ አምባ ጊዮርጊስ የማውቃቸው ድመቶች ግራጫ ዥንጉርጉር፣ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ነበሩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ነው፤ የወደቁት ደግሞ መቅደላ ላይ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። የእንግሊዝ ጦር ከዚያ የዘረፈውን ብራናና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ። ከዘመቻው ሲመለሱ አንድ መኮንን ቤት አንዲት ድመት ገባች፤ ስሟ ዙላ ተባለ፤ ዙላ የእንግሊዝ ጦር የወረደበት ወደብ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገ የድመት ትርዒት ከአቢሲኒያ ጦርነት የተማረከች የተባለች ድመት ሦስተኛ ወጣች፤ በ1874 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሐኪም ዙላን በድመት መጽሐፉ ውስጥ በሥዕል አስገባት። ከዚያ ወዲህ ዝርያው በስማችን ይሸጣል። የኋለኛው የዘር ጥናት ግን የዝርያውን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ አዞረው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዘር መዝገቧ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበላት ድመትም ሲናመን የምትባል የዚሁ ዝርያ ድመት ናት።

ለልጄ ያልኳት ይህን ነው፦ ስማችንን የያዘችው ድመት የእኛን ጎታ ጠብቃ አታውቅም። የእኛን ጎታ የጠበቀችው ደግሞ የዝርያ ስም አልወጣላትም። ዝርያ ገንዘብ ከፍለን የምንገዛበት ምክንያት የለም።

ወደ ወገራ ልመለስ። ውሉ የላላው ድመቷ ስለሰነፈች አይደለም፤ ጎታው ስለቀረ ነው። ጆንያ መጣ፤ ከጆንያ በኋላ ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢት መጣ፤ አሁን ደግሞ ውስጡ ሁለት ላስቲክ የተደረበ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፤ ነቀዙ እዚያ ውስጥ አየር አጥቶ ይሞታል። ለነቀዝ ጥሩ ነው። አይጥ ግን እሱንም ትቀደዋለች።

ከሁሉ በላይ ውሉን ያፈረሰው መርዝ ነው። የአይጥ መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ትደነዝዛለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ለመያዝ ትቀላለች። ድመቷ ያቺን ትይዛለች፤ መርዙ ወደ እሷ ይዞራል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ድመቷ ከሞተች በኋላ አይጡ ይበዛል፤ አይጡ ሲበዛ መርዝ ይጨመራል። መጋዘን ውስጥ ስንሠራ ይህን ስለምናውቅ ፎስቶክሲን ከመደረጉ በፊት የመጀመሪያው ሥራችን ድመቶቹን ማስወጣት ነበር። ከቁልሉ ሥር፣ በጣውላው መካከል፣ በባትሪ እያበራን አንድ በአንድ እንለቅማቸዋለን፤ ግልገል የደበቀች ካለች ሥራው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቁልሉ በሸራ ይለበጣል፣ ጠርዙ በአሸዋ ይታሰራል፣ ክኒኑ ይገባል። ጋዙ ነቀዝንም አይጥንም ድመትንም ሰውንም አይለይም።

ሰዉም ቦታውን ቀይሯል። በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ወርዶ ሰፈረ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ ነበር፤ መንደሩ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ ዝርዝር ተሰረዘ። ለቅርሱ በጎ ነው። ገብስ አምርቶ ጎታ የሚሞላ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ገብስ ገዝቶ የሚበላ የከተማ ሰው ሆነ። በኪሎ የሚሸመት እህል ጎታ አይፈልግም፤ ጎታ የማይፈልግ ቤት ድመት አይቀጥርም። ደባርቅ ላይ በአንድ ዓመት የሆነው ለእኔ ቤተሰብ በሁለት ትውልድ ነው የሆነው።

እናቴ ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ በከረመች ጊዜ ልጄ የድመቱን ነገር አነሣችባት። እናቴ ቤቱን ዞር ብላ አየችው፤ ማቀዝቀዣ፣ ሶፋ፣ ከኩሽናው ጥግ አንድ ከረጢት የጤፍ ዱቄት። «ጎታ የሌለበት ቤት ድመት ምን ትሠራለች፣ ልጄ? ሥራ የፈታች ድመትና ሥራ የፈታ ጎረምሳ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መጋረጃ ይቀዳሉ» አለቻት። ልጄ ሳቀች። እኔ ግን ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ መሆኑ ገባኝ።

ኮንዶሚኒየም የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ግድም፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን ነው። እኛ ያለንበት ሰፈር ስሙን ያገኘው አጠገቡ ከቆሙት የእህል ጎተራዎች ነው፤ አጋጣሚው ያስቀኛል። የቤቶቹን ንድፍ ያወጡት ሰዎች ስለ ኑሯችን አስበዋል፦ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት ኮሚናል የምንለውን የጋራ ቤት ግቢው ውስጥ ሠርተዋል። በጉ ታስቦለታል፤ ድመቷን ግን ያሰበላት የለም። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የጋራ መኖሪያውን ሥርዓት ለባለቤቶች ማኅበርና ለመተዳደሪያ ደንቡ ይተዋል። የእኛ ብሎክ ደንብ ስለ ጩኸትና ስለ ቆሻሻ እንጂ ስለ ድመት አይናገርም። ስለዚህ ሕጉ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። የአራተኛ ፎቋ እትዬ «ሽታ ካልመጣ ምን አገባኝ» አሉ። የምድር ቤቱ ባለሱቅ ደግሞ «ኧረ ለእኔም አንድ አምጪልኝ» አለ፤ በእሱ ጣሪያ ላይ አይጠ መጎጥ እየተራወጠ ነው።

ለባለሱቁ እውነቱን ነገርኩት። ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ በአንድ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ጣቢያ ባለቤት አልባ ድመቶችንና አይጦችን በካሜራ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ በ79 ቀን የተገደሉት አይጦች ሁለት ብቻ ናቸው። ድመት ትንሿን የቤት አይጥ እንጂ ትልቁን የከተማ አይጠ መጎጥ እምብዛም ደፍራ አትይዝም። ለእሱ መድኃኒቱ ቆሻሻውን መክደንና ቀዳዳውን በሲሚንቶ መድፈን ነው። እንግዲህ የእናቴ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ፎቅ ላይ ድመት ሥራ የላትም። የምናመጣት ካለን ለልጅቷ ደስታ ነው የምናመጣት፤ ይህንንም ሳንሸፋፍን መናገር አለብን።

ሥራ የሌላት ድመት ዕዳ አላት፤ ዕዳውን ደግሞ ባለቤቱ ነው የሚከፍለው። አንደኛው አመድ ነው። አምባ ጊዮርጊስ የድመት መጸዳጃ የአመድ ክምር ነበር፤ ትቆፍራለች፣ ትቀብራለች፣ ማንም አያስበውም። ፈረንጆቹም ቤት ውስጥ አመድና አሸዋ ነበር የሚያኖሩላት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚቺጋን ውስጥ ኤድ ሎው የሚባል ሰው አመዱ ቤቷን ላቆሸሸባት ጎረቤቱ ፈሳሽ የሚመጥ የደረቀ የሸክላ አፈር ሰጣት፤ ነገሩ ተወደደ፤ ድመትን በር ዘግቶ ፎቅ ላይ ማኖር የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ቤት ምጣዱ በኤሌክትሪክ ነው፤ አመድ የለም። አጠገባችን የሚሠራ ሕንፃ ግን አይጠፋም፤ አሸዋ አለ። አሸዋው በየቀኑ ካልተጠረገ የአራተኛ ፎቋ እትዬ ፈቃዳቸውን ያነሣሉ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ደግሞ ሌላ ሰው ይጥረገው፤ በድመት ዐይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ ጽንስን ይጎዳል።

ሁለተኛው ሰገነቱ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ከፎቅ የወደቁ 132 ድመቶችን የመዘገቡ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳሳተሙት ከታከሙት 90 በመቶው ድነዋል። ይህን ሰምታ ልጄ «አየሽ?» አለችኝ። ከሦስተኛ ፎቅ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ መዳን ማለት መንጋጋና ደረት ተሰብሮ መዳን ማለት ነው። ሰገነታችን ልብስ የሚሰጣበት ክፍት ቦታ ነው፤ ሽቦ ይወጠርበታል።

ሦስተኛው ሐኪሙ ነው። ድመት ከሁለት ወር ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ። አምባ ጊዮርጊስ ግልገል ሲበዛ ጎረቤት ይወስዳል፤ አዲስ ጎታ የሠራች ሙሽራ ትጠይቃለች። እዚህ ለማን እሰጣለሁ? ስለዚህ ትመከናለች። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ትወስዳለች፤ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የፈጀው ከቤት ውሻ የተሻገረው ይኸው በሽታ ነው፤ ድመትም ሰውም ይይዛል።

አራተኛው ጾም ነው፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ከድመት ጋር ያለን የድሮ ውል እጅግ የተዋጣለት እዚህ ላይ ነበር። ሙሉውን የሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሽ በላይ ይጾማል። በሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ውስጥ ሥጋም ወተትም ቅቤም የለም፤ ድመቷ ግን አትጎድልም፤ ጾሙን የማያውቅ አይጥ ጎታው ሥር አለላት። እኛ በጸሎት፣ እሷ በጅራት፣ ማንም ማንን ሳያስቸግር ፋሲካ ይደርሳል። ፎቅ ላይ ይህ የለም። በር የተዘጋባት ድመት የምትበላው እኛ የምንሰጣትን ብቻ ነው፤ ሽሮና ምስር ደግሞ ለእሷ ምግብ አይደለም። የድመት ሰውነት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ ሁኔታ አይሠራም፤ ከሥጋ ነው የምታገኘው። እሱ ሲጎድል ዓይኗ ይጠፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 እንደተረጋገጠውም ልቧ ይደክማል። «ድመታችንም ትጾማለች» እያሉ የሚስቁ ሰዎች አውቃለሁ፤ ለእንስሳዪቱ ግን ቀልድ አይደለም።

ባለቤቴ እዚህ ላይ ተነሣ። «በሁዳዴ ቤቴ ሥጋ አይገባም» አለ። «ሥጋ ቤቱስ መች ክፍት ሆኖ?» አልኩት፤ የክርስቲያኑ ይዘጋል። የሙስሊሙ ግን ክፍት ነው። «እሱንማ እንዴት አድርጌ!» አለ። «አንተ አትበላው፤ እሷ እንደሆነ ማተብ አላሰረችም» አልኩት። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ከቅበላ በፊት ሳንባና ልብ ተገዝቶ፣ ተቀቅሎ፣ በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ በማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ታችኛው መሳቢያ እንዲቀመጥ ተስማማን፤ ሲያልቅ የሚገዛውም የሚያቀርበውም ልጅቷ ናት፤ ሳህኑም የራሷ የድመቷ ነው።

ግልገሏን ከአምባ ጊዮርጊስ ማስመጣት እናቴም አልወደደችውም፤ እኔም። ያገሬ ድመት የምትጠብቀው ጎታ ያላት ባለሙያ ናት፤ አምጥቶ ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ከሥራ ማፈናቀል ነው። ኮሚናሉ ውስጥ፣ ከእንጀራ መጋገሪያው ጀርባ፣ ከዓመት ዓመት የምትወልድ ግራጫ ድመት አለች። የእሷ ልጆች ኮንዶሚኒየም የተወለዱ ናቸው፤ ቢቀጠሩም ባይቀጠሩም እዚሁ ናቸው። ከእነሱ አንዷን፣ ሁለት ወር ከእናቷ ጋር ከቆየች በኋላ እንወስዳለን።

ልጄ ለፋሲካ እንድትሆንላት ፈልጋ ነበር፤ እምቢ አልኳት። በፋሲካ ድመት የማይመግብ ቤት የለም፤ አጥንቱም ቅንጥብጣቢውም ይተርፋል። ድመት መያዝ መቻላችን የሚታወቀው ምንም በማይተርፍበት ወቅት ነው። ድሮ እሷ እኛን ከሐምሌ ታደርሰን ነበር፤ አሁን ተራው የእኛ ስለሆነ እኛ እሷን ከፋሲካ ማድረስ አለብን። የሰጠኋት ቀን የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ነው። ሽቦው ተወጥሮ፣ አሸዋው ተነፍቶ፣ መሳቢያው ሞልቶ ካየሁ ትመጣለች። አንዱ ከጎደለ ግን ለከርሞ።